ሁላችሁም ሁለት ሰዓት ላይ ኑ

«ሁለት ሰዓት» የሚል ቀጠሮ ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሰርግ ጠርተውኝ «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ድረሺ» ቢሉኝ እንኳ ፊቴ ይጠቁራል። የሚያውቁኝ ይስቁብኛል፤ የማያውቁኝ ሰርጋቸውን የጠላሁባቸው ይመስላቸዋል። እኔ የጠላሁት ሰዓቷን ነው። በዚያች ሰዓት ምክንያት እናቴን ልቀብር ነበርና።

ያኔ ሁሩሙ ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር፤ አሁንም እሰፋለሁ። የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ምን እንደሆነ አገር ያውቃል። «ነገ ነይ» እያለ ሳምንት የሚያመላልስ ሰው ስለ ቀጠሮ ሊናገር ሲነሳ «አንቺ ደግሞ ምን አፍ አለሽ?» የሚል አይጠፋም። ይበለኝ። የእኔ ደንበኛ ቀሚሷ ቢዘገይባት አሮጌውን ለብሳ ክርስትና ትሄዳለች፤ ተናዳ ትሰድበኛለች እንጂ አትሞትም።

እናቴ እትዬ አስካለ የስኳር በሽተኛ ናት። አባቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ጣሪያ ሥር የቀረነው እኔና እሷ ነን። መርፌዋን የምትወጋው ራሷ ናት። ፍሪጅ ስለሌለን የኢንሱሊን ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልላ እርጥብ አሸዋ የሞላ ገንቦ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ገንቦውን ከእኔ ይልቅ ትጠብቀዋለች። መድኃኒቱን የሚሰጧት በቀጠሮ የምትታይበት ሆስፒታል ነው፣ እሱም ሐኪም ሲያያት ብቻ። በዚያ ሰሞን ከግል ፋርማሲ ልገዛላት ብዬ መቱ ድረስ ሄጄ ዞሬ ዞሬ አጥቻለሁ።

የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። በኢሉባቦር ካሉት ከተሞች በአንዱ የሚገኝ ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ስሙን ብጠራው «አዎ፣ እዚያማ እንዲህ ነው» ብላችሁ ትገላገላላችሁ፤ እኔ ደግሞ እንድትገላገሉ አልፈልግም።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀጠሮዋ ምን እንደደረሰባት ልንገራችሁ፤ አለዚያ የኋላው ነገር አይገባችሁም። «ለደም ምርመራ ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ» ብለዋት ብቻዋን ሄደች። ረፋዱ ላይ ራሷን ቢያዞራት በር ላይ ካለች ሴት አንድ ብርጭቆ ሻይ ገዝታ ጠጣች። ስትጠየቅ አልዋሸችም፤ እናቴ መዋሸት አታውቅበትም። «ሻይ ከጠጡማ ምርመራው አይሆንም» ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጧት። በስንት ልመና ማዳረሻ የምትሆን አንዲት ብልቃጥ ተሰጥታት ስታለቅስ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ሳቀርብላት እንኳ ግራና ቀኝ ዓይታ ነው የምትጠጣው።

አዲሱ ቀጠሮ ማክሰኞ ሆነ። ያ ክፍል ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን ሰው የሚያየው ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ ነው። ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ሄድኩ። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም፤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረን ጉሙን እየሰነጠቅን ስንጓዝ እማዬ በነጠላዋ ሥር ሆዷን ስታሻሽ አየኋት።

«ምነው እማዬ? አመመሽ?»

«ኧረ ምንም። መርፌዋ ዛሬ ጠበቅ ብላብኝ ነው።»

«መርፌ? ዛሬ ወግተሻል እንዴ?»

«ታዲያስ! የመጨረሻዋን ጠብታ ነው ያሟጠጥኩት። ‹አንድ ቀን እንዳያቋርጡ› አይደል ያሉኝ?»

ክው አልኩ። «መርፌውን እንዳያቋርጡ» ያሏት እነሱ ናቸው። «ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ» ያሏትም እነሱ ናቸው። ሁለቱ ትእዛዞች አንድ ጠዋት ላይ ሲጋጠሙ ምን ማድረግ እንዳለባት ግን የነገራት የለም። ኢንሱሊን ወግቶ አለመብላት ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ወድቃብኝ፣ ጎረቤት ተጠራርቶ በስኳር ውሃ ነው የመለስናት።

ወዲያው ግን ራሴን አረጋጋሁ። ቀጠሮዋ ሁለት ሰዓት ነው አልኩ በልቤ። ሁለት ሰዓት ላይ ደሟን ይወስዳሉ፤ እሷም እዚያው ቁጭ ብላ ትበላለች። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ቦርሳዬ ውስጥ ይዣለሁ። ካርዷ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አምኜ እንደገና መቀመጫዬ ላይ ተደላደልኩ።

ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ካርድ ክፍል ካርዷን ተቀብሎ «ወደ ውስጥ ይሄድላችኋል፣ እዚያ ጠብቁ» አለን። በረንዳው ላይ ያሉት አግዳሚ ወንበሮች ሁሉ ተይዘዋል፤ የተረፈው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ዝናቡ እየገረፋቸው የጣሪያው ጠርዝ ሥር የቆሙም አሉ። ቦታ የለቀቁልን ኦቦ ደበላ ናቸው። ከሶር ወንዝ ማዶ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ደም ግፊት አለባቸው። በእግራቸው መሃል ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል።

«ነይ ሀደ፣ እዚህ ተቀመጪ» አሏት እናቴን። እናት ማለታቸው ነው። «እኔ ቆሜም ይወጣልኛል፤ የንብ ቀፎ ልሰቅል ዛፍ ላይ የምውል ሰው ነኝ።»

«ጀሪካኑ ማር ነው?» አልኳቸው።

«ማር ነው። ታይቼ ስወጣ ገበያ አደርሰዋለሁ ብዬ ነው። ገበያው ካልተበተነ።»

«ቀጠሮዎ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት።»

ከጎናቸው ያለችውን ልጅ ያዘለች ሴት ጠየቅኳት፤ ሁለት። ከዘራ የያዙ አንድ መምህር ጠየቅኩ፤ ሁለት። መጠየቁን ተውኩት። በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ፣ ከጎሬ የመጣውም፣ ከጫካ ውስጥ በእግሩ የመጣውም፣ ቤቱ ከሆስፒታሉ አጥር ጋር የሚዋሰነውም ለአንድ ሰዓት ነው የተቀጠረው። በሩ ደግሞ አንድ ነው። ከበሩ ጀርባም ያለው ወንበር አንድ ነው።

ሁለት ሰዓት አለፈ። ማንም አልተጠራም። እማዬን ሰርቄ አያታለሁ፤ ደህና ናት፤ ልጅ ካዘለችው ሴት ጋር ታወራለች። ሦስት ሰዓት ሲሞላ ትዕግስቴ አለቀ። አንዲት ነርስ ወረቀት ይዛ ብቅ ስትል ተነስቼ ተከተልኳት።

«ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናቴ መርፌ ወግታ ምግብ አልቀመሰችም። ደሟን ብቻ ቢወስዱላት፣ ከዚያ እስከ ፈለጋችሁት ድረስ እንጠብቃለን።»

«ደም ሐኪም ሳያዝ አይወሰድም።»

«ሐኪሙ የት አለ?»

«ዋርድ። ራውንድ ላይ ነው፤ የተኙትን እያየ።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሲጨርስ ይመጣላ! ቁጭ በይ፣ ሁሉም እየጠበቀ ነው።»

ስትናገር ፊቴን እንኳ አላየችውም። እሷም እግሯ መሬት አልነካ ብሎ ነበር የምትሮጠው፤ ይህን ዛሬ ነው የምለው። ያኔ ያየሁት የዘጋችውን በር ብቻ ነው።

ተመልሼ ስቀመጥ የእማዬ ግንባር ላቦታል። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዝናብ! ዳቦውን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«እማዬ፣ በሞቴ፣ ቅመሺ።»

«አስገቢው!» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሰረቅኩትን ነገር ያወጣሁ ይመስል። «ያዩሻል! አንዴ ለሻይ ብዬ የሆንኩትን ሆኛለሁ። መድኃኒቱ አልቋል ልጄ፤ ዛሬ ቢመልሱኝ ምን ልሆን ነው?»

«እየላበሽ እኮ ነው።»

«ሰው በዝቶ ነው። አሁን ይጠሩናል፤ ጥቂት ነው የቀረው።»

ፍርዱን ለእናንተ ልተወው። ብትበላ መድኃኒቷን ታጣለች፤ ባትበላ ትወድቃለች። አንዲት አሮጊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ በሁለት ሞት መካከል እንድትመርጥ ያደረጋት በሽታው ብቻ አይደለም። ደሟን ለመውሰድ የሚፈጀው ጊዜ አንዲት ቁልፍ ከመትከል አይበልጥም፤ ይህን የማያውቅ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ አልነበረም።

አራት ሰዓት አልፎ ሐኪሙ በፍጥነት እየተራመደ መጣና ገባ። በረንዳው ነፍስ ዘራ። ስም መጠራት ጀመረ። የሚጠራው ግን በመጣንበት ተራ አይደለም፤ ከእኛ በኋላ የመጣ ሰው ገብቶ ወጣ፣ ሌላው ደገመ። ነርሷን ልጠይቃት ስነሳ እማዬ እጄን ያዘችኝ። እጇ ይንቀጠቀጣል።

«የሺ» አለችኝ፣ «ጥጃዋን አስገብተሻታል?»

የሺ ከሞተች ዓመታት ያለፏት አክስቴ ናት። ዳቦውን አውጥቼ ወደ አፏ ሳስጠጋ ጥርሷን ነከሰች፤ ዓይኗ ዞረ፤ ከአግዳሚው ተንሸራታ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። ሰው ተነሳ፣ ወንበር ተገፋ፣ ሴቶቹ «ማርያም! ማርያም!» አሉ፤ «ያ አላህ!» ያለም ሰምቻለሁ። እናቴን ለሰው ትቼ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጥኩ። በሩ ላይ አንድ ወጣት ጠረጴዛ ይዞ ተቀምጧል።

«እናቴ ወድቃለች! ቃሬዛ ስጡኝ!»

«ካርዷ የታለ?»

«ካርዷ ተመላላሽ ክፍል ውስጥ ነው! እዚያው ነው የወደቀችው!»

«እሱን አምጪና ወዲህ እንመዘግባታለን።»

«ነፍሷ ልትወጣ ነው እኮ የምልህ!»

«እህቴ፣ ያለ ካርድ አልችልም፤ አሠራር ነው።»

አሠራር! ይህን ቃል ማን እንደፈጠረው ባውቅ! ፊቱ ላይ ጨካኝነት አልነበረም፤ ያንን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ጨካኝ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ተመልሼ ሮጥኩ፤ ካርዱ ያለበት በር ተዘግቷል፣ ውስጥ ታማሚ አለ፣ አንኳኳሁ፣ የሚከፍት ጠፋ።

ዞር ስል ኦቦ ደበላ እናቴ አጠገብ ተንበርክከዋል። ራሷን ልጅ ያዘለችው ሴት በጎን አዘንብላ ይዛላታለች። ሽማግሌው የጀሪካናቸውን ክዳን ከፍተው ጣታቸውን ማር ውስጥ እየነከሩ ድዷን ያብሳሉ። ቀስ ብለው ነው፣ እንዳትታነቅ። አንድ ጊዜ፣ እንደገና፣ እንደገና። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሉትን አልሰማሁም። አጠገባቸው ተቀምጬ የእናቴን እግር ያዝኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። አንድ ዘመን መሰለኝ። በመጨረሻ ምላሷ ተንቀሳቀሰ፤ ማሩን ላሰች። ቀጥሎ ዓይኗን ገለጠች።

«ማነው ማር የሰጠኝ?» አለች። ከዚያ ድንግጥ ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «ወይኔ! ቀመስኩ እኮ!»

ከሞት አፋፍ ተመልሳ የመጀመሪያ ሐሳቧ ይህ ነበር። ያኔ አለቀስኩ።

በሩ ተከፍቶ ነርሷ ወጣች። የደም ግፊቷን ለካች፣ ትንሽ አረጋጋቻት፤ ይህን አልክድም። ሰዎቹ የሆነውን ነገሯት። ቀና ብላ፣ በዚያው በለመደችው ድምፅ እንዲህ አለች፦

«እንግዲህ ማር ከቀመሱ የዛሬው ምርመራ አይሆንም። የሚቀጥለው ማክሰኞ ልጻፍላቸው። ሁለት ሰዓት ላይ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» እያልኩ ነው ያናገርኳት። ከዚያ ወዲያ እርስዎ የሚባል ነገር ከአፌ ጠፋ።

«ሁለት ሰዓት ትያለሽ? ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ማን አለ? ሐኪሙ አለ? ደም የሚወስደው አለ? ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ ቤት ያለነው እኛ ብቻ ነን! እኚህ አባት ማር ባይዙ ለሬሳዋ ነበር ቀጠሮ የምትጽፊው! መድኃኒቷ ዛሬ ጠዋት አልቋል። እስከ ማክሰኞ ምኗን ልውጋት? ውሃ?»

«እኔ ላይ አትጩኺ! እኔ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው!»

«ያዘዘሽን ጥሪልኝ!»

ዘበኛው እየሮጠ መጣ። «እህቴ፣ ውጪ! ሥራ አትረብሺ!» ብሎ ክንዴን ያዘኝ። እኔ ስታገል፣ ሰው ግማሹ «ተዋት!» ሲል ግማሹ «እባክሽ ይሄ ሁሉ ለምን፣ እኛንም ታስዘጊብናለሽ» ሲለኝ፣ ኦቦ ደበላ ከመሃላችን ተነስተው ወደ ዝናቡ ወጡ። ማንም ልብ አላላቸውም። ጀሪካናቸውን እንኳ ክፍቱን ትተውት ነው የሄዱት።

ሲመለሱ ከራሳቸው ላይ ውሃ ይወርዳል። ከግቢው የነጩትን እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ወደ ሐኪሙ በር ሄደው ጎንበስ ብለው ሣሩን ደፉ ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያ ጥቂት ወደ ኋላ ራቅ ብለው ቆሙ።

ለማያውቅ ልናገር። በእኛ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ነጭቶ ፊትህ ካስቀመጠ ይለምንሃል ማለት ነው፤ ጠብ ካለ ይቆማል፣ የተመዘዘ ካራ ካለ ወደ አፎቱ ይመለሳል። ያንን ሣር ተራምዶ የሚያልፍ ሰው ከሰው አይቆጠርም። የእኔ አያቶች ከሸዋ የመጡ ቢሆኑም እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ሣሩን ሳይ አፌ በራሱ ተዘጋ። ዘበኛው ክንዴን ለቀቀኝ። ነርሷ ከበሩ ውጪ ነበረች፤ ለመግባት አንድ እርምጃ ጀምራ ቆመች።

«ኢንተላ ኮ፣ ማሎ» አሏት ኦቦ ደበላ። ልጄ፣ እባክሽ ማለታቸው ነው። «እኔ የምከሰው ሰው የለኝም። ይህችን ሣር ያየ ሰው ይቁምና ይስማን፤ ይኼው ነው።»

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ጋዋኑን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል፤ የምሳ ሰዓት ደርሷል፤ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ወጣት ነው፣ የአገሩ ልጅ። እግሩን አንስቶ ሊራመድ ሲል አየው። እግሩን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መለሰ።

«ኦቦ» አለ፣ «ምን ሆናችሁ ነው?»

ሽማግሌው በአፋን ኦሮሞ አጭር ነገር ነገሩት፤ ወለሉ ላይ ወደተቀመጠችው እናቴ እያመለከቱ። ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ እኔ ዞረ።

«ልጃቸው ነሽ? ስምሽ ማን ነው?»

«ትዕግስት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። እኔም በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«ዋርድ ነበርኩ። የተኙትን አይቼ ነው ወደዚህ የምመጣው። ሁልጊዜ አራት ሰዓት ያልፋል።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ምነው?»

በረንዳው ላይ እንደ ነፋስ የሚሰማ ነገር አለፈ። መምህሩ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። ልጅ ያዘለችው ሴት «አይ!» አለች፣ ያንን ብቻ። ሐኪሙ ግራ ገባው።

«እናንተ ለስንት ሰዓት ነው የምትቀጠሩት?»

መልሱን የሰጠችው ነርሷ ናት። «ሁለት ነው የምንጽፈው» አለች፤ ድምጿ ሰልሏል።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ለምን?»

«እንዳያረፍዱ ነው መሰለኝ… እኔ ስመጣም እንዲህ ነበር ዶክተር። ‹ሁለት ሰዓት› እየተባለ ነው ያገኘሁት።»

በደሌን የጻፈው ማን እንደሆነ ያን ቀን አወቅኩ። ማንም አልጻፈውም። ሐኪሙ ካርዱ ላይ ያለውን ሰዓት ዓይቶት አያውቅም፤ የሚያየው የደም ውጤቱን ነው። ነርሷ ሰዓቱን ትጽፋለች እንጂ ለምን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። እኛ ደግሞ በሁለት ሰዓት ቁጭ ብለን እስከ አራት የምናየው ባዶ በር የሐኪም ክብር አካል ይመስለን ነበር። ይህንን ሁሉ ዓመት ያ ሁሉ በሽተኛ፣ ከጎህ በፊት ተነስቶ፣ ጦሙን፣ በዝናብ፣ የመጣው በከንቱ ነበር። ተንኮለኛ ቢኖርበት ልቤ ባረፈ። አለመጠየቅ ነው ሊገድላት የደረሰው።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሣሩን በእጁ አነሳው። ይህ ልመናውን ተቀብያለሁ ማለት ነው። ለኦቦ ደበላ እጅ ነሳና ጋዋኑን መልሶ ለበሰ። እናቴን ደግፈን አስገባናት። ጣቷን ወግቶ ስኳሯን ለካ።

«ማሩ ነው ያተረፋቸው» አለኝ። ከዚያ እናቴን እያየ፣ «እማማ፣ ባዶ ሆድዎን ሲመጡ ኢንሱሊኑን አይወጉም፤ ይዘውት መጥተው ደም ከሰጡ በኋላ ወግተው ይበላሉ። ይህን ማንም አልነገረዎትም?»

«‹እንዳያቋርጡ› ነው ያሉኝ ልጄ።»

መድኃኒቷን ሙሉውን አዘዘላት። ባዶ ሆዷን መምጣቷ የግድ አለመሆኑን፣ በሌላ ቀን በበላችበትም ሊታይ የሚችል ምርመራ መኖሩንም ያኔ ሰማሁ። ያ ሁሉ ለዚህ ነበር። ምሳውን ሳይወጣ በረንዳው ላይ የቀረውን ሰው ሁሉ ሲያይ ዋለ። ኦቦ ደበላ ሲወጡ ገበያው ተበትኖ ነበር። ማሩን ልግዛዎት ብል እምቢ አሉ፤ «የተከፈተ ማር አይሸጥም፣ እናትሽ ትጨርሰው» ብለው ጀሪካኑን ከእግሬ ሥር አስቀምጠውልኝ ወደ ዝናቡ ገቡ።

ነገሩ በዚያ አላለቀም፤ እንዲያልቅም አልፈቀድኩም። በሳምንቱ ኦቦ ደበላን፣ መምህሩንና ልጅ ያዘለችውን ሴት ይዤ የሆስፒታሉ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ናቸው፤ አስቀመጡን፣ ሰሙን።

«ችግሩን እናውቀዋለን» አሉ። «ኮምፒውተር ታዝዟል። ሲስተሙ ሲዘረጋ ቀጠሮው ሁሉ ይስተካከላል። ትንሽ መታገሥ ነው።»

«ጌታዬ» አልኳቸው፣ «‹ሁለት› ብሎ የጻፈው እስክሪብቶ ‹አራት› ብሎ መጻፍ ያቅተዋል?»

ያልጠበቅኩት ድምፅ ተሰማ። ነርሷ ነበረች፤ ተጠርታ በሩ አጠገብ ቆማለች። «ደሙንም ቢሆን እኔ ጠዋት ማስወሰድ እችላለሁ» አለች። «ትእዛዙን ቀጠሮ ሲሰጥ ሐኪሙ ቀድሞ ካርዱ ላይ ቢጽፍልኝ በቂ ነው። መጠበቅ አያስፈልግም።» ስትወጣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ስታገኘኝ እናቴን በስሟ ትጠይቀኛለች።

ተስተካከለ። ሁሉም አይደለም፣ ብዙው። የከተማው ሰው ጠዋት፣ ከሩቅ የሚመጣው ረፋድ ላይ፣ ውጤት ብቻ የሚጠብቀው ከሰዓት በኋላ ይቀጠራል። ደም የሚሰጥ እንደደረሰ ይሰጥና ይበላል። ኮምፒውተሩ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ደስ ብሏችሁ ገጹን እንድታጥፉት አልፈልግም። እናቴን ያተረፋት ማር ነው፤ ማር የያዘ ሰው ያልተቀመጠበት በረንዳ ስንት አለ? «የእኛ ሰው ሰዓት አያከብርም» የሚል ሲያጋጥማችሁ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በተባለው ሰዓት የተገኘው ማን እንደሆነ ጠይቁልኝ። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ደግሞ ካርዱን አጥፋችሁ ኪሳችሁ ከመክተታችሁ በፊት «ሐኪሙ በስንት ሰዓት ይገባል? መድኃኒቴንስ ያን ቀን ምን ላድርገው?» በሉ። አፍራችሁ ዝም አትበሉ። ዝም ያልነው እኛም ያንን «ሁለት» አብረን ስንጽፍ ኖረናል።

ለእኔ የቀረኝ ሌላ ነው። ከሦስት ወር በኋላ የእማዬ ቀጠሮ ደረሰ። ካርዷ ላይ በነርሷ እጅ ጽሑፍ «4 ሰዓት» የሚል ተጽፎበታል። ሌሊቱን ደስ ብሎኝ ነው የተኛሁት። ገና ሳይነጋ ግን ኮቴ ሰምቼ ብነሳ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ ትንሽ የማር ብልቃጥ በመሐረብ ቋጥራ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«እማዬ፣ ምነው? አራት ሰዓት ነው እኮ የተባለው። ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ አሳይቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለችኝ፣ መቀርቀሪያውን እያነሳች። «ያኔም ሁለት ብለው ጽፈውልኝ ነበር።»

ጃንጥላውን ይዤ ተከተልኳት።